ስለ ጓያ የተጻፈውን ከኮምፒዩተር መዝገብ ፈልጎ ስለማግኘት
ለደላንታ፣ ለዳውንት፣ ለዋድላና ለላስታ አካባቢ የልማትና የጤና ሠራተኞች

መግቢያ

ጓያ ክረምቱ ወጥቶ ዋልካው አፈር ውኃውን ማንጠፍ ሲጀምር፣ በቀረው እርጥበት ላይ ተዘርቶ የሚበቅል ጥራጥሬ ነው። ሌላው ሰብል በድርቅ ሲጠወልግ ወይም ውኃ በተኛበት ማሳ ሥሩ ሲበሰብስ ጓያ ግን ይቋቋማል። ብዙ እንክብካቤም አይሻም። በዚህም ምክንያት በደጋው ወሎ፣ በተለይም በወገል ጤና ዙሪያ በተንጣለለው የደላንታ ሜዳ፣ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ገበሬው የሚተማመንበት እህል ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ጓያ ኦዳፕ የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር በውስጡ ስላለ፣ ሌላ እህል ጠፍቶ እርሱ ብቻ ለወራት ሲበላ እግርን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ያስከትላል። በሽታው አንዴ ከያዘ መድኃኒት የለውም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ይህ በሽታ ያን ጊዜ ደላንታ ዳውንት ይባል በነበረው ወረዳ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ነበር። ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን፣ ከፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት፣ ከቤልጅጉ ተመራማሪ ከፈርናንድ ላምባይንና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ሆነው በ1999 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ስለ ወረርሽኙ ጻፉ። በተከታዮቹ ዓመታትም እስከ 2005 ድረስ ዶክተር ኃይለኢየሱስና ተባባሪዎቻቸው በሽታው ማንን አብዝቶ እንደሚይዝ፣ ከጓያ ምግቦችም የትኛው ይበልጥ እንደሚጎዳ የሚያሳዩ ጥናቶች አውጥተዋል። ከነዚህ ጥናቶች እንደምንረዳው ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎ ወይም በእሸቱ መብላት አደጋውን ከፍ ሲያደርግ፣ ከሌላ እህል ዱቄት ጋር ደባልቆ መብላት አደጋውን ይቀንሳል። በሽታው ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን፣ ከነርሱም ለጋ ወጣቶችን አብዝቶ የሚያጠቃ መሆኑም ታውቋል።

ይህ ሁሉ እውቀት የተገኘው ከደላንታ ሰዎች እግር ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በሕክምና መጽሔቶች የታተመ በመሆኑ፣ የግብርና ጽሑፎችን ብቻ የሚያገላብጥ የልማት ሠራተኛ ሳያገኘው ሊቀር ይችላል። ገበሬው «ዘንድሮ ዝናቡ አጥሯል፤ ጓያ እንዝራ ወይስ እንተው? ከዘራነውስ እንዴት አድርገን እንብላው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ ተጽፎ ተቀምጦ ሳለ ሠራተኛው በግምት መናገሩ ተገቢ አይሆንም። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ጓያን እንደ ምሳሌ ወስደን፣ ከጽሑፎች መዝገብ ውስጥ በትእዛዝ መስመር እንዴት ፍለጋ እንደሚካሄድ እንገልጻለን። ዘዴው ለምስርም፣ ለስንዴ ዋግም፣ ለበግ በሽታም ያው ነው።

መዝገቡ ምን ይዟል?

በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የካርድ ሣጥን ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። እያንዳንዱ ካርድ የአንድ ጽሑፍ ደራሲ፣ ርእስ፣ የታተመበት መጽሔትና ዓመት ይጻፍበታል። የኮምፒዩተሩ መዝገብም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ አጭር መግለጫና የርእሰ ጉዳይ ቃላት የሚጨመሩበት መሆኑና ካርዶቹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው። መዝገቡ ጽሑፉን ራሱን አይዝም። ጽሑፉ መኖሩንና የት እንዳለ ብቻ ይናገራል። ይህን አስቀድሞ መረዳት ያሻል፤ ምክንያቱም ፍለጋው የሚካሄደው በካርዱ ላይ በሰፈሩት ቃላት እንጂ በጽሑፉ ሆድ ዕቃ ውስጥ ባሉት አይደለም።

ለሥራችን የሚጠቅሙት መዝገቦች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ በአጭሩ ፋኦ፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከአባል አገሮች እያሰባሰበ ያቆየው አግሪስ ነው። ሁለተኛው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጀውና ከ1997 ጀምሮ ለሕዝብ ያለ ክፍያ የተከፈተው ፐብሜድ ነው። ጓያ ማሳ ላይ ሰብል፣ ሰው ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ የጤና ጉዳይ በመሆኑ ሁለቱንም መፈተሽ ግድ ይላል። በዚህ ጽሑፍ ምሳሌ ያደረግነው ፐብሜድን ነው፤ ይኸውም በትእዛዝ መስመር ለመፈለግ የሚያስችል ኢንትሬዝ ዳይሬክት የተባለ መሣሪያ ባለቤቱ ራሱ አዘጋጅቶ በነፃ ስለሚሰጥ ነው።

በትእዛዝ መስመር መፈለግ ለምን ይጠቅማል?

የትእዛዝ መስመር ማለት በኮምፒዩተሩ ላይ ሥዕልና ቁልፍ ሳይኖር፣ የሚፈለገውን በጽሑፍ አዝዞ በጽሑፍ መልስ የሚቀበሉበት ጥቁር መስኮት ነው። ብዙ ሰው ሲያየው ይፈራዋል። እኛ ግን ለገጠር ሠራተኛ ከሌላው ይልቅ ይህ ይስማማዋል እንላለን።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ በመስመሩ ላይ የሚመላለሰው ፊደል ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው። ሥዕል የበዛበት ገጽ ተከፍቶ እስኪያልቅ በሚጠበቅበት ደካማ መስመር ላይ የብዙ ጽሑፎች መግለጫ በአጭር ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ጥያቄው መብራት በሌለበት ሰዓት በደብተር ላይ ተጽፎ፣ ታርሞና ተሟልቶ ሊቆይ ይችላል። ወደ ደሴ ወይም ወደ ወልድያ የሚሄድ ባልደረባ ሲገኝ ወረቀቱን ሰጥቶ እዚያ አስተይቦ ውጤቱን በፍላሽ ማስመጣት ነው። ሦስተኛውና ዋናው ጥቅም ግን የተጠየቀው ጥያቄ በግልጽ የሚታይ መሆኑ ነው። አንድ ሠራተኛ «ፈልጌ አጣሁ» ቢል ምን ብሎ እንደፈለገ ከወረቀቱ ማየትና ማረም ይቻላል። በሚቀጥለው ዓመትም ያው ጥያቄ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ይደገማል።

ጥያቄውን በወረቀት ላይ ስለ ማዘጋጀት

ከፍለጋው ሥራ ከባዱ ይኸኛው ነው፤ ኮምፒዩተርም አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ጉዳዩ ወደ ጥቂት ሐሳቦች ይከፈላል። በእኛ ምሳሌ ሁለት ሐሳቦች አሉ፤ አንደኛው ጓያ፣ ሁለተኛው ቦታው። ከዚያም እያንዳንዱ ሐሳብ በጽሑፎች ውስጥ የሚጠራባቸው ስሞች ሁሉ ይዘረዘራሉ። ኮምፒዩተር ጓያና ግራስ ፒ አንድ መሆናቸውን በራሱ አያውቅም፤ የሚያመሳስለው የፊደልን ቅርጽ ብቻ ነው። ገበሬው በሬውን በስሙ ካልጠራው እንደማይመጣለት ሁሉ፣ ጽሑፉም ደራሲው በሰጠው ስም ካልተጠራ አይመጣም።

ጓያ ስንት ስም እንዳለው እንመልከት። በሳይንስ ስሙ ላቲረስ ሳቲቨስ ነው። በእንግሊዝኛ ግራስ ፒ ይባላል፤ አንዳንዱ ሁለት ቃል አድርጎ፣ አንዳንዱ አጣብቆ ይጽፈዋል። በቆዩ ጽሑፎች ቺክሊንግ ቬች ወይም ቺክሊንግ ፒ ተብሎ ይገኛል። ሕንዶች ኬሳሪ ይሉታል፤ ስለ ጓያ አብዝተው ከሚጽፉት መካከል እነርሱ ስለሆኑ ይህን ስም መተው ብዙ ያሳጣል። የአገራችን ደራሲዎች ደግሞ አልፎ አልፎ ጓያ የሚለውን ራሱን በላቲን ፊደል ያሰፍሩታል። መርዙም ሁለት ስም አለው። ዛሬ ኦዳፕ የሚባለው በቆዩ ጽሑፎች ቢ-ኦ-ኤ-ኤ በሚሉ አራት ፊደላት ተጠርቶ ይገኛል፤ ሁለቱ ስሞች የሚያመለክቱት ያንኑ አንድ ነገር ነው። በሽታውም እንዲሁ ላቲሪዝም ወይም ኒውሮላቲሪዝም ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መዝገቦች ረጅም ስም ከመጻፍ የሚያድን ዘዴ አላቸው፤ ይኸውም የቃሉን ግንድ ብቻ ጽፎ ከመጨረሻው ኮከብ ማድረግ ነው። ላቲር* ተብሎ ቢጻፍ ላቲረስንም፣ ላቲሪዝምንም ያመጣል። ኒውሮላቲሪዝምን ግን አያመጣም፤ ኮከቡ የሚሠራው ከኋላ ለሚቀጠል እንጂ ከፊት ለሚጨመር አይደለምና። ከፍ ብለን የጠቀስነው የ1999 ጽሑፍ ርእሱ በአማርኛ ሲመለስ «የኒውሮላቲሪዝም ወረርሽኝ በኢትዮጵያ» የሚል ነው። በርእስ ቃላት ብቻ ላቲር* ብሎ የፈለገ ሰው ስለ ራሱ ወረዳ የተጻፈውን ይህን ጽሑፍ ያልፈዋል ማለት ነው። ስለዚህ ኒውሮላቲር* ራሱን ችሎ መጻፍ አለበት።

በፐብሜድ ኮከብ ከመደረጉ በፊት ቢያንስ አራት ፊደላት እንዲኖሩ ያስፈልጋል። ግንዱም በጣም ማጠር የለበትም፤ ያጠረ ግንድ አረሙን ከእህሉ ጋር ያመጣል። ላቲር* ራሱ በቤተ ሙከራ አይጦች አጥንት ላይ የተደረጉ፣ ከጓያ ምግብ ጋር የማይገናኙ ጥናቶችን ጭምር ይስባል። እነዚህን የሚያጠራው ሁለተኛው ሐሳብ፣ ማለትም ቦታው ነው።

ምልክቶችን በሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ አለ። ዩኔስኮ ከ1985 ጀምሮ ለግል ኮምፒዩተር ያከፋፈለውንና በብዙ አገሮች ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የነበረውን ሲዲኤስ አይሲስ የለመዱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች እንደሚያስታውሱት፣ በዚያ ፕሮግራም ኮከብ «እና» ማለት ነበር፤ ለግንድ ቃል የሚያገለግለው የዶላር ምልክት ነበር። በፐብሜድ ኮከቡ ለግንድ ቃል ነው። ምልክቱ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ስለሚለያይ ወደ አዲስ መዝገብ በተገባ ቁጥር አስቀድሞ መመሪያውን ማየት ይበጃል።

የቦታ ስም ችግር

የወሎ ሰው ይህን ክፍል በጥሞና ቢያነበው እንወዳለን።

ወገል ጤና በአማርኛ አንድ ዓይነት ይጻፋል። በላቲን ፊደል ሲሆን ግን «ወ»ን አንዱ በደብልዩና በኢ፣ ሌላው በደብልዩና በኦ፣ ሦስተኛው በደብልዩና በኤ ይጽፈዋል። ወገልና ጤናን የሚያጣብቅም፣ የሚለያይም አለ። ዳውንትም በተለያየ መልክ ይጻፋል፤ ከአጻጻፎቹ አንዱ ደግሞ በእንግሊዝኛ «ማስፈራራት» የሚል ትርጉም ካለው ቃል ጋር ፊደሉ አንድ ስለሚሆን፣ በዚያ ከነኮከቡ የፈለገ ሰው ከዳውንት ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ጽሑፎች ይከመሩበታል። ደላንታ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ አጻጻፉ ብዙ አይለዋወጥም።

የአስተዳደሩ መለዋወጥም መታሰብ ይኖርበታል። በወረርሽኙ ጊዜ ደላንታ ዳውንት በሰሜን ወሎ ሥር አንድ ወረዳ ነበር፤ ዋና ከተማውም ወገል ጤና ነበረች። ኋላ ሁለቱ ተለያይተው ዳውንት በሰሜን ወሎ ሲቀር ደላንታ ወደ ደቡብ ወሎ ሆነ። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ አገሩ በሙሉ ወሎ ክፍለ ሀገር ይባል ነበር። እንግዲህ ስለ አንዱ ማሳ የተጻፉ ሦስት ጽሑፎች አንዱ ወሎ፣ አንዱ ሰሜን ወሎ፣ አንዱ ደቡብ ወሎ ሊሉ ይችላሉ። አቅጣጫውን ትቶ ወሎ ብቻ ብሎ መጻፍ ሦስቱንም ያመጣል።

ወሎም ቢሆን ሁልጊዜ አይበቃም። የ1999ኙን ርእስ እንደገና ብንመለከት ደላንታም፣ ወሎም የሚል ቃል የለበትም፤ ያለው ኢትዮጵያ ብቻ ነው። በላንሴት የሚጽፍ ሰው ለዓለም አንባቢ ስለሚጽፍ የወረዳውን ስም በርእስ ላይ አያወጣም። በሌላ በኩል በ1990 ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት በርእሱ ላይ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ገጠር ይጠቅሳል። ስለሆነም የቦታው ሐሳብ እንደ ደረጃ ተቆጥሮ ከከተማው ወደ ወረዳው፣ ከወረዳው ወደ ክፍለ ሀገሩ፣ ከዚያም ወደ አገሩ መውጣት ይገባል። እንደ ጓያ ጥቂት ሰው ለሚጽፍበት ጉዳይ በቀጥታ ከአገሩ ስም መጀመሩን እንመርጣለን። የሚመጣው ዝርዝር በአንድ ቀን ተቀምጦ ሊነበብ የሚችል ነውና።

ወገል ጤናን ብቻ ይዞ ሁሉን ዓይነት ሳይንስ ወደሚይዝ ሰፊ መዝገብ የሚገባ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። በ2008 በአካባቢው ገደል ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ከተገኘ ወዲህ የከተማዋ ስም በማዕድን መጽሔቶች ዘንድ የታወቀ ሆኗል፤ በ2010 በከበሩ ድንጋዮች መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ስሟን በርእሱ ላይ ይዟል። እህል ፈላጊው ድንጋይ ያገኛል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን «ኦፓል ያለበትን ተው» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህን የማስቀረት ትእዛዝ እንደ አረም መድኃኒት በጥንቃቄ መጠቀም ነው። ስለ ደላንታ ገበሬዎች ኑሮ የተጻፈና ጓያንም ኦፓልንም ያነሣ ጥናት ቢኖር አብሮ ይጠፋል። ድንጋዩን ከማስቀረት ይልቅ ጓያን መጨመር ይሻላል።

ሐሳቦቹን ስለ ማያያዝ

የአንድ ሐሳብ ስሞች እርስ በርሳቸው «ወይም» በሚለው ቃል ይያያዛሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ያለበት ካርድ ሁሉ ይምጣ ማለት ነው። ሁለቱ ሐሳቦች ደግሞ «እና» በሚለው ይያያዛሉ፤ ሁለቱም ያሉበት ካርድ ብቻ ይምጣ ማለት ነው። በእንግሊዝኛው ኦርና ኤንድ ሲሆኑ በትላልቅ ፊደላት ይተየባሉ። «ወይም» ሲጨመር ውጤቱ ይሰፋል፤ «እና» ሲጨመር ይጠብባል።

የአንድ ሐሳብ ስሞች በቅንፍ ውስጥ መታጠር አለባቸው። ፐብሜድ ትእዛዙን ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ደረሰበት ስለሚፈጽም፣ ቅንፍ ከሌለ ያላሰብነውን ያጣምራል። ሁለት ቃል ያለው ስም ደግሞ፣ ለምሳሌ ግራስ ፒ፣ በጥቅስ ምልክት ይታሰራል፤ ካልታሰረ ሣርና አተር ለየብቻ ሊፈለጉ ይችላሉ።

በዚህ መሠረት የተሟላው ጥያቄ የሚከተለውን ይመስላል። በኮምፒዩተር ላይ ሲጻፍ በላቲን ፊደል ሲሆን፣ እዚህ ያሰፈርነው አነባበቡን ነው።

(ላቲር* ኦር ኒውሮላቲር* ኦር "ግራስ ፒ" ኦር ግራስፒ ኦር ኬሳሪ ኦር ኦዳፕ) ኤንድ (ኢትዮጵያ* ኦር ወሎ ኦር ደላንታ)

ኢትዮጵያ ላይ ኮከብ የተደረገው «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል ጭምር ለማምጣት ነው።

ትእዛዙን ስለ መስጠት

ኢንትሬዝ ዳይሬክት በሊኑክስና በማክ ኮምፒዩተሮች ላይ በቀጥታ ይሠራል። በዊንዶውስ ላይ ግን የሊኑክስን አሠራር የሚያስገባ ተጨማሪ ፕሮግራም አስቀድሞ መጫን ያስፈልጋል፤ ይህን የኮምፒዩተር ባለሙያ አንድ ጊዜ ከሠራው ይበቃል። መሣሪያው ብዙ ትእዛዞች ቢኖሩትም ለጊዜው የሚያስፈልጉን ሁለት ናቸው፤ የሚፈልገው ኢሰርችና የሚያመጣው ኢፌች።

በመጀመሪያ ኢሰርች ብቻውን ይታዘዛል።

ኢሰርች -ዲቢ ፐብሜድ -ኩዌሪ 'ጥያቄው'

ዲቢ ማለት መዝገቡ፣ ኩዌሪ ማለት ጥያቄው ነው። «ጥያቄው» ባልንበት ቦታ ከላይ ያዘጋጀነው መስመር በሙሉ ይገባል። መልሱ ጥቂት መስመሮች ሲሆኑ፣ ካውንት ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው ቁጥር ስንት ካርድ እንደተገኘ ይነግራል። ካርዶቹን ከማስመጣት በፊት ይህን ቁጥር ማየት ብልህነት ነው። ዜሮ ከሆነ አንድ ቃል በስሕተት ተጽፏል ወይም «እና» በዝቷል ማለት ነው። ብዙ ሺህ ከሆነ ደግሞ አንዱ ቅንፍ ሳይዘጋ ወይም አንዱ ግንድ አጥሮ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄው በነጠላ ጥቅስ የታሰረበት ምክንያት አለው። የትእዛዝ መስመሩ ኮከብን ሲያይ የፋይል ስም የተጠራ ይመስለዋል፤ ቅንፍንም በራሱ ትርጉም ይወስደዋል። ነጠላ ጥቅሱ «ይህን አንተ አትንካው፤ እንዳለ ለመዝገቡ አስተላልፍ» እንደ ማለት ነው። በውስጡ ግራስ ፒን ያሰርንበት ጥንድ ጥቅስ ስላለ ውጭውንም በጥንድ ብናደርገው ይጋጫል። ጀማሪዎችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰናክለው ይህች ትንሽ ምልክት ናት። ከጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም የተገለበጠ ጥቅስ የተጠማዘዘ ሊሆን ስለሚችል፣ በትእዛዝ መስመሩ ላይ እንደገና በእጅ መተየብ ይሻላል።

ቁጥሩ ደኅና ከሆነ ሁለተኛው ትእዛዝ ይቀጠላል።

ኢሰርች -ዲቢ ፐብሜድ -ኩዌሪ 'ጥያቄው' | ኢፌች -ፎርማት አብስትራክት > ጓያ.ቲኤክስቲ

በመካከል ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ እንደ መስኖ ቦይ ነው፤ የኢሰርችን ውጤት ወደ ኢፌች ያፈስሰዋል። አብስትራክት የሚለው መግለጫዎቹ እንዲመጡ ያዛል። በመጨረሻ ያለው ቀስት ደግሞ የመጣውን ሁሉ ጓያ ወደሚባል ፋይል ይከታል። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ በመሆኑ በማንኛውም ኮምፒዩተር ይከፈታል፤ መስመር በሌለበትም ይነበባል።

በደራሲ ስምና በዓመት ስለ መፈለግ

በመዝገቦቹ አሠራር የደራሲው የመጨረሻ ስም ቀድሞ ይጻፍና የፊተኛው በአንድ ፊደል ያጥራል። ይህ ለፈረንጅ ስም የተሠራ ነው። በእኛ አገር ግን ሰው የሚጠራው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ አይደለም። በመሆኑም ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን በመዝገቡ ውስጥ «ጌታሁን ኤች» ሆነው ይገኛሉ። በኃይለኢየሱስ የፈለጋቸው ሊያጣቸው ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ሁለት ክፍል ያለው የአባት ስም ነው። የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ጽሑፎች አንዳንዶቹ በተክለሃይማኖት፣ አንዳንዶቹ ተክለ ተቆርጦ ወደ ፊደል በመለወጡ በሃይማኖት ሥር ይገኛሉ። አንድ ሰው በሁለት ቦታ ይቀመጣል። የኢትዮጵያዊ ደራሲ ሥራ ሲፈለግ በሁለቱም፣ አንዳንዴም በሦስት መልክ መሞከር ይገባል።

ዓመትን በተመለከተ መዝገቦቹ የሚጠቀሙት የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ነው። በ1977 ዓ.ም. ስለደረሰው የወሎ ረኀብ የሚፈልግ ሰው 1977 ብሎ ቢያዝዝ፣ የሚመጣለት ረኀቡ ከመድረሱ ከሰባት ዓመት በፊት የታተመ ነው፤ ማዘዝ የነበረበት 1984ንና 1985ን፣ ከነርሱም በኋላ ያሉትን ነው። የጥናትና የኅትመት ጊዜም እንደሚራራቅ መታሰብ አለበት። ደላንታ ውስጥ በሽታው የተነሣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሆን የመጀመሪያው ጽሑፍ የወጣው በ1999 ነው።

በመዝገቡ የማይገኝ

ፐብሜድ የመጽሔት ጽሑፎችን እንጂ የምርምር ጣቢያዎችን ዓመታዊ ዘገባ አይመዘግብም። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በደጋው ወሎ ማሳዎች ላይ ያደረጋቸው ሙከራዎች፣ ወይም በ2006 ስለተለቀቀው ዋሴ ስለሚባለው ኦዳፑ አነስተኛ የሆነ የጓያ ዝርያ የተጻፈው፣ ቢገኝ የሚገኘው በአግሪስ ወይም በምርምር ድርጅቶቹ በራሳቸው ቤተ መጻሕፍት ነው። በተለይ ስለ ዝርያ የሚፈልግ ሠራተኛ አንድ ነገር ልብ ይበል። የኦዳፕ መጠን በዝርያ ብቻ አይወሰንም፤ ተክሉ በውኃ ጥም ሲጨነቅ መርዙ ይጨምራል። ስለዚህ በሰላም ጊዜ የተለካ ቁጥር በድርቅ ዓመት ለሚበላው ጓያ ዋስትና አይሆንም። ፍለጋው ላይ ድርቅ የሚለውን ቃል በሦስተኛ ሐሳብነት ጨምሮ መድገም ጠቃሚ ነው። በአማርኛ የተዘጋጁ እንደዚህ ያሉ ጽሑፎች ደግሞ በነዚህ መዝገቦች ጨርሶ የማይገቡበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ አስቀድሞ ይፈተሽ።

የመጣውን ስለ መያዝ

መግለጫዎቹ በነፃ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ሙሉ ጽሑፉ አንዳንድ ጊዜ ክፍያ ይጠየቅበታል። ለዚህ ሁለት መንገዶች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 የጀመረው ሂናሪ የሕክምና መጽሔቶችን፣ ፋኦ በ2003 የጀመረው አጎራ የግብርና መጽሔቶችን በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ተቋማት በነፃ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ያቀርባሉ። አገልግሎቱ የሚሰጠው ለግለሰብ ሳይሆን ለተመዘገበ ተቋም ስለሆነ፣ የሚፈለገውን ጽሑፍ ደራሲ፣ ርእስ፣ መጽሔትና ዓመት በትክክል ጽፎ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለምርምር ማዕከል ቤተ መጻሕፍት መላክ ነው።

በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ፍለጋ በደብተር ላይ አራት ነገሮች ይመዘገባሉ፤ ቀኑ፣ የመዝገቡ ስም፣ ጥያቄው ፊደል ሳይቀነስ፣ የተገኘው የካርድ ቁጥር። መግለጫዎቹ ታትመው ሲነበቡ ወረዳውን የሚመለከቱት ተለይተው ፍሬ ሐሳባቸው በአማርኛ በአንድ ገጽ ይጻፍ። አንድ ቅጂ ለጤና ጣቢያው፣ አንድ ቅጂ ለልማት ጣቢያው ይቀመጥ። ጥያቄው በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ጓያ ለመዝራት ማሳው ከመታረሱ በፊት ይደገም፤ ቁጥሩ ካለፈው ዓመት ከበለጠ አዲስ የመጡትን ብቻ ለይቶ ማንበብ ይበቃል።